በቁልፏ ጎን ላይ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዜማዎቼን ሁሉ የደረስኩት አንድ ሰው በሠራው ፒያኖ ነው። ሠሪው ራሱ በየዓመቱ እየመጣ ይቃኝልኝ ነበር። ሲጨርስ፣ እንደ ቃኚዎች ልማድ፣ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ነቅሎ በጎኗ ላይ ቀኑን በእርሳስ ይጽፍ ነበር። አንዴ ስሙንም ሊጨምርበት ሲል፣ «እሱ እንኳ ይቅርብህ፤ ፒያኖው የኔ ነው» አልኩት። ሳቅ ብሎ ተወው። በየመድረኩ ሲጨበጨብልኝም ስሙን አንስቼለት አላውቅም።

አፈር ካለበስነው ወር አለፈው። ዛሬ ጠዋት ሌላ ቃኚ ጠራሁ። ሁለት ቁልፍ ነካ ነካ አድርጎ እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ እየቀለዱብኝ ነው? ይሄ እኮ ተቃኝቷል።»

«ማን ይቃኘዋል? ሰው አልነካውም።»

የመጀመሪያዋን ቁልፍ ነቅሎ ሰጠኝ። ከቀኖቹ ሁሉ ሥር፣ በዚያው በማውቀው የእጅ ጽሑፍ፣ የዛሬ ቀን ተጽፏል። አጠገቡ ስሙ አለ።

አውራ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ስሙን ፈተግኩት። አልለቀቀም።