የአስካለ ሻይ

በዚያ ዘመን ባል የሞተባት ሴት ከቀብር መልስ የሐዘን መዝጊያ ክኒን መዋጥ ደንብ ነበር። ነርሷ ለዘርፌ ስትሰጣት፣ «አንዳንዱ መድኃኒት እንደ ቁልፍ ገብቶ ይከፍታል። ይሄኛው ግን ሐዘን የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሐዘኑ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል» አለቻት።

እውነትም ተይዞ ነበር። ዘርፌ የመኩሪያን ጋቢ አንስታ አሸተተችው። የባሏ ጠረን መሆኑን አወቀች፤ ግን የጎረቤት ልብስ ያሸተተች ያህል ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ አስካለ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። መኩሪያ ድሮ የፈታት የመጀመሪያ ሚስቱ ናት፤ ለተፈታች ሴት ደግሞ ክኒኑ አይታዘዝም።

«የኔ ሳቂታ! ሽንኩርት ስከትፍ እንባዬን በጋቢህ ጫፍ የምትጠርግልኝ!»

ዘርፌ ይህ ለእሷ ብቻ የተደረገ ይመስላት ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ተንሰቀሰቀ።

«ሚስቱ የትኛዋ ናት?» አለች አንዲት እንግዳ ሴት።

«ያቺ የምታለቅሰው ናታ!» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው።

ቅናት የሚገባበትን ቀዳዳ ግን ማንም አልዘጋውም። ዘርፌ ጓዳ ገብታ፣ ነርሷ ለማታ ብላ የሰጠቻትን ሁለተኛውን ክኒን ሻይ ውስጥ አሟሟችና ይዛ ወጣች።

«እትዬ አስካለ፣ ጉሮሮዎ ደርቋል፤ ይጠጡ።»

«ተባረኪ፣ እህቴ።»

አስካለ ጠጣች። ጥቂት ቆይታ መሐረቧን አጣጠፈችና፣ «ዳቦው ጥሩ አድርጎ በስሏል» አለች። እሷ ዝም ስትል ለቀስተኛውም አንድ በአንድ ዝም አለ።

ዘርፌ ጋቢውን እንዳቀፈች ፊታቸውን ሁሉ ዞራ አየች።

«ኧረ እባካችሁ፣ አንድ ሰው እንኳ ያልቅስለት!»

ድምጿ ግን ለእንግዳ ውኃ አምጡ እንደሚል ሰው ድምፅ ነበር።