«ስምህ ማነው ልጄ?»

«ስምህ ማነው ልጄ?»

«ኪዱ ነኝ እማማ ብርነሽ…»

በዚያች ጠዋት ብቻ ይህን ሲመልስ ስድስተኛ ጊዜው ነበር።

እማማ ብርነሽ ቂርቆስ ውስጥ የአንድ ግቢ ጎረቤቱ ናቸው። መርሳት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል… የማይረሱት ልጃቸውን ሩቲን ብቻ ነው።

ኪዱ ደግሞ ሩቲን ይወዳታል። ከልቡ። ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ምን ይዞ ይናገር? ካዛንቺስ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፣ የሚያድረው በኪራይ ክፍል… በቃ፣ ያለው ይኸው ነው።

አንድ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ትዳር ትምህርት ነበር። መምህር አምኃ ወረቀት አደሉና…

«ስም አትጻፉ። ከትዳር አጋራችሁ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ ጻፉ። የወንዶች እዚህ ካርቶን ውስጥ፣ የሴቶች እዚያ» አሉ።

መጀመሪያ የወንዶቹ ተነበበ።

«ቆንጆ»… «ቆንጆ»… «ወጥ የምትችል»… «ቆንጆ፣ ግን ጭቅጭቅ የማትወድ»…

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

የሴቶቹ ቀጠለ።

«የራሱ ቤት ያለው»… «ቋሚ ሥራ ያለው»… «መኪና ቢኖረው አልጠላም»… «ከእኔ የሚረዝም»…

ኪዱ በየወረቀቱ አንገቱን እየደፋ ሄደ። እንኳን ቤት፣ ቁመትም አልታደለም… የኔ ምስኪን።

መጨረሻ ላይ አንዲት ወረቀት ቀረች። መምህሩ አዩዋትና ቀስ ብለው አነበቡ…

«እናቴ በቀን አስር ጊዜ ስሙን ብትጠይቀው፣ አስሩንም ጊዜ ሳይሰለች የሚነግራት።»

ማንም አልሳቀም።

ኪዱ ቀና አለ። ሩቲ ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አቀርቅራለች።

ወደ ሰፈር ሲመለሱ ከጎኗ እየሄደ ተንተባተበ።

«እኔ እኮ… ማለቴ… ‹ቆንጆ› ብዬ ነው የጻፍኩት። አፍሬያለሁ።»

«ታዲያ ቆንጆ አይደለሁም እንዴ?» አለችው።

ሽማግሌ ላከ… ተጋቡ።

ዛሬም እማማ ብርነሽ ይጠይቃሉ።

«ስምህ ማነው ልጄ?»

«ኪዱ ነኝ እማማ… የሩቲ ባል።»

«ውይ፣ ልጄ አገባችልኝ?» ይሉና እልል ይላሉ።

ከሰዓትም ረስተው እንደ አዲስ ይጠይቃሉ… ደግሞ እልል። የሌላው ሰው ሠርግ የአንድ ቀን ነው፣ የእነሱ ቤት ግን በየቀኑ ሠርግ ነው።

ወገኖቼ… ቤትም መልክም መፈለግ ነውር የለውም፣ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ቤት እንደሚፈርስ ሰፈራችን የፈረሰብን የካዛንቺስ ልጆች ከማንም በላይ እናውቃለን፣ መልክም ያረጃል። የሚጦረን የማይሰለች ሰው ነው።

እስቲ ሳትዋሹ… ያቺ ወረቀት ብትደርሳችሁ ምን ብላችሁ ትጽፉ ነበር? ወንዶችም ሴቶችም ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። «ቆንጆ» ያለ ወንድ ግን ስሟንም ይጨምር፣ ምናልባት እሷም እያነበበች ይሆናል…