የማስተዋል አሎሎ

«ይኸው፤ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ። ዛሬም ያው ነው» አሉ የውድድር ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፈንታሁን፣ ሚዛኑ ላይ የተቀመጠውን አሎሎ በጣታቸው እየጠቆሙ። «የሴቶች አሎሎ አራት ኪሎ ነው። ሁለት መቶ ግራሙን ማን በላው?»

አሰልጣኝ ይርዳው ቁጥሩን አዩ። ከኋላቸው አግዳሚው ላይ የተቀመጠችውን ማስተዋልን ግን ዞር ብለው አላዩዋትም።

ማስተዋል የጉና ተራራ ሥር ልጅ ናት። ደብረ ታቦር ላይ በተደረገው ውድድር አሎሎዋን ከሁሉም አርቃ ወረወረች። ለክልል ተመረጠች ሲባል የተሸነፈው ቡድን «አሎሎው ተቦርቡሮ ቀሏል» ብሎ ከሰሰ። ሲመዘን እውነትም ጎደለ። ፋብሪካው ክብደቱን ለማስተካከል እርሳስ አፍስሶ የደፈነው ቀዳዳ ዙሪያውን ተጫጭሮ ተገኘ። ከዩኒቨርሲቲ የተጠራው የፊዚክስ መምህር እንዳልካቸውም ሚዛኑንና ጭረቱን አይቶ «መነካካቱን ያመለክታል» ሲል ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ ስሟ «ቦርቧሪዋ» ሆነ።

«መምህር» አሉ ይርዳው ሚዛኑ አጠገብ የቆመውን እንዳልካቸውን እያዩ፣ «ይህ ሚዛን ከየት መጣ?»

«ከእህል ነጋዴ ተውሰው ነው ያመጡልኝ።»

«ልክ መሆኑ በምን ታወቀ?»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ ጠረገው። «አልታወቀም። መዝን አሉኝ፣ መዘንሁ።»

«ሌላ አሎሎስ መዝነውበታል?»

«አላመጡልኝም።»

አቶ ፈንታሁን ወንበራቸው ላይ ተነቃነቁ። «አቶ ይርዳው፣ እርስዎ ደግሞ ነገር ማብዛት ይወዳሉ። ይህ መሣሪያ እኮ ነው። ምን ዘመድ አለውና ያዳላል?»

«ማዳላቱንስ አያዳላም። መሳሳት ግን ይችላል። ኮሚቴው ራሱ ያስመጣው አዲስ አሎሎ መጋዘን ውስጥ አለ። እሱን ያስቀምጡበት፤ አራት ኪሎ ካለ እኔ አፌን ይዤ እወጣለሁ።»

የቢሮው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ በረታ። ሰብሳቢው መስኮት መስኮቱን ሲያዩ መምህሩ ቀደማቸው። «ይምጣ እንጂ። እኔም ከመፈረሜ በፊት ማስመጣት ነበረብኝ።»

ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዘነበች ሄዳ እሽጉ ያልተፈታ አሎሎ ታቅፋ ተመለሰች። መምህሩ ላስቲኩን ቀድዶ አወጣና ሚዛኑ ላይ አኖረው። ቀዩ ቁጥር ትንሽ ዋለለና ቆመ። ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ።

መምህሩ አንሥቶ ደግሞ አስቀመጠው። ሚዛኑን ከጠረጴዛው አውርዶ መሬት ላይ ሞከረው። ያው ነው።

«ሚዛኑ ነው የሚያጎድለው» አለ ቀና ብሎ። «የልጅቱ አሎሎ ምንም አልሆነም።»

«ጭረቱስ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጭረት ብቻውን ምን ይናገራል? አቶ ፈንታሁን፣ እኔ ፊርማዬን አንሥቻለሁ።»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። ክሱ ተነሥቷል፤ ይህንንም በጽሑፍ እንሰጣለን። የሆነ ሆኖ ለክልሉ ውድድር የተመረጡት ትናንት ባሕር ዳር ገብተዋል። በእሷ ቦታ ሁለተኛ የወጣችው ሄዳለች። አሁን ምን ይደረጋል? ለከርሞ እንግዲህ…»

«ለከርሞ?» አሉ ይርዳው።

በረንዳው ላይ ሲወጡ ብርዱ ፊታቸውን ገረፋቸው። ይርዳው በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማስተዋል ዞሩ።

«ሰማሽ አይደል? ነጻ ወጣሽ እኮ።»

«ሰማሁ ጋሼ።» ሻርፗን እስከ አገጯ ሳበችው። «ያ ጭረት የድንጋይ ነው። እኛ አገር ደኅና ሜዳ የለም፤ ስወረውረው ድንጋይ ላይ ነው የሚያርፈው።»

«አውቃለሁ» አሉ ይርዳው።

«አያውቁም። መቼ ጠየቁኝ?»

ዝናቡ ከቆርቆሮው ጠርዝ እየተንዠቀዠቀ ፊት ለፊታቸው ይወርዳል። ማስተዋል እሳቸውን ሳይሆን ዝናቡን እያየች ተናገረች።

«ጋሼ፣ ሚዛኑ ልክ ቢሆን ኖሮስ? ምን ይሉ ነበር?»

ይርዳው አፋቸውን ከፈቱ። «አንቺማ እንዲህ ያለ ነገር አታደርጊም» ሊሉ ነበር። ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ቀረ። ክሱ ከመጣ ጀምሮ በየማታው አልጋቸው ላይ ሲገላበጡ ያሰቡት ይህን አልነበረም። የት አስቦረቦረችው ይሆን ሲሉ ነበር። ከከተማው በያጆች ማን እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚሠራ እንኳ በልባቸው አንድ ሁለት ሰው ጠርጥረው ነበር። ሚዛኑን የሙጥኝ ያሉት ሌላ የሚይዙት ስላልነበራቸው ነው።

ማስተዋል ጠበቀቻቸው።

«እናቴ ገና ከበር ስገባ ነው የጠየቀችኝ» አለች በመጨረሻ። «‹ነክተሽዋል ወይ?› አለችኝ። ‹አልነካሁም› አልኋት። በቃ። አንቱ ግን የጠየቁት ሚዛኑን ነው።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላቸው ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ወደ ጉና ሥር፣ ወደ ጋሳይ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት ሰው ይጠራል። ማስተዋል እንደ ወትሮው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸውና ዝናቡ ውስጥ ገባች። ይርዳው «ቆይ ልጄ» ሊሉ እጃቸውን አነሡ።

መኪናው ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። መስተዋቱ በሰው ትንፋሽ ደብዝዞ መልኳ አይለይም። ጥቂት ቆይታ በመዳፏ ጠረገችው። ይርዳው ወደ እሳቸው ልታይ መስሏቸው ከበረንዳው አንድ እርምጃ ወጣ አሉ። እሷ ግን በጠረገችው በኩል ወደ ፊት፣ ደመና ወደ ዋጠው ወደ ጉና አቅጣጫ ነበር የምታየው። ሚኒባሱ ሲነሣም ፊቷን አላዞረችም።