ማክሰኞና ዓርብ የሚያፈስ ሻወር

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ሚስቱን ሳያማክር አሮጌውን የውሃ ማሞቂያ አስነቅሎ አዲስ አስገጠመ። አሮጌው ከጣሪያ በርሜል የሚመጣውን ውሃ እያለቃቀሰ ነበር የሚያወርደው። አዲሱ በቀጥታ ከዋናው መስመር ስለሚስብ ሻወሩ ሲከፈት ሳሙና ከእጅ ያስጥላል።

ሚስት በግፊቱ አልተናደደችም። የተናደደችው ስላላማከራት ነው። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ሆድና ጀርባ ሆኑ። አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሌላ ከተማ የምትኖረውን ልጃቸውን በስልክ ያደክሟት ጀመር።

«ለአባትሽ ሻይ ቀርቧል በይልኝ።»

«ለእናትሽ ዓይን አለኝ በይልኝ።»

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ልጅቷ መረራት። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታረቃችሁ እማዬን መጥቼ እወስዳታለሁ! አባዬም ከግድግዳው ጋር ይኮራረፍ!» ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው። ሁለቱም ደነገጡ። ግን ማን ቀድሞ ይተንፍስ?

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሻወሩ አፈሰሰ። ከማሞቂያው የሚመጣው ቱቦ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ዳዶ ላልቶ ውሃው እስከ ኮሪደር ደረሰ።

«ባልዲ!» ብላ ጮኸች ሚስት።

«ፎጣ!» ብሎ ጮኸ ባል።

በሁለት ወር ውስጥ የተነጋገሩት ይህችን ብቻ ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛው መጣ፤ የላስቲክ ጎሚኒ ቀየረ፣ አጠበቀ፣ ሄደ። ቤቱ መልሶ ጭጭ አለ። ዓርብ ዕለት ደግሞ አፈሰሰ። ደግነቱ ባል ባልዲ እንደያዘ ነበር።

«ሆን ብሎ ነው» አለ እየቀዳ። «ደጋግመን እንድንጠራው ነው።»

«እኔማ ድሮም ዓይኑን አላመንኩትም» አለች ሚስት።

ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ሰውዬውን አንድ ሰዓት ሙሉ አሙት። ሚስት ሱሪውን ወደ ላይ ሲጎትት አስመስላ አሳየችው። ባል እስኪያስለው ሳቀ።

በሚቀጥለው ማክሰኞም አፈሰሰ። ደግነቱ ሚስት ፎጣዎቹን በር ላይ ደርድራ ነበር። ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ዓርብ ሳያፈስ አይውልም ነበር።

ሠራተኛው «ግፊቱ ነው» ብሎ ግፊት መቀነሻ ገጠመ። አሁንም አፈሰሰ። ቢቸግረው ቀይ ቀለም አምጥቶ ከዳዶው እስከ ቱቦው አንድ ቀጭን መስመር አሰመረ።

«ይቺ መስመር ከተቆረጠች ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ብረት ደግሞ በራሱ አይዞርም» አለ።

ዓርብ ሲመጣ መስመሯ ተቆርጣለች።

«ስትወጣ አላልተኸው ነዋ! ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አለችው ሚስት።

«እናቴ፣ ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬያለሁ! ማክሰኞ ሩብ ዙር ይላላል፣ ዓርብ ግማሽ ዙር። እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም!»

«ለዳዶ ቀን ይቆጥርለታል» ብሎ ባል ሚስቱን በክርኑ ጎሰም አደረጋት። እሷም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ከድና ፈገግ አለች።

የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ሠራተኛው አዲስ ዳዶና ክንድ የሚያህል መፍቻ ይዞ መጣ። ተንጠልጥሎበት አጠበቀው። «ከእንግዲህ ውሃ ቀርቶ ወሬም አይወጣው!» ብሎ በሩን ዘግቶ ሄደ።

እውነቱን ነበር። ዓርብ አላፈሰሰም። ባል ቀኑን ሙሉ መዳፉን ሲያሻሽ ዋለ። የሚታማ ሰው ስለጠፋ ሁለቱም ሶፋው ላይ ሆነው መስኮት መስኮቱን አዩ። ታርቀናል ወይስ አልታረቅንም ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም። ቅዳሜም እንደዚያው አለፈ።

እሑድ ቀትር ላይ ልጅቷ ደረሰች። «ታዲያ? ታረቃችሁ?» አለች።

ሁለቱም ኮርኒሱን አዩ። ልጅቷ ተነፈሰችና የእናቷን ሻንጣ ወደ መኪናው ወሰደች። ሚስት «መጣሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ባል አትሂጂ ሊላት ፈልጎ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ስትዘገይበት ኮቱን ደረበና «እጄን ልታጠብ» አለ፣ የሚሰማው ሰው ሳይኖር። ወደ ሻወሩ ሄዶ በሩን ከፈተው።

ሚስቱ የመንገድ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ዳዶው ላይ በሁለት እጇ መፍቻ ይዛ ትታገላለች፤ እሱም የራሱን መፍቻ ከኮቱ ሥር አወጣና «ለብቻ አይላላም፣ ሞክሬዋለሁ» አላት።