የደሴ ጎተራ

አስቻለች ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለነፍስ አባቷም ቢሆን።

በ1968 ዓ.ም. መካነ ሰላም ውስጥ የነበረው ሙዚቃ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የጋሽ ጀብሪል። በደጉ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ የዋለ ሁሉ ሳይገባበት አይሄድም ነበር። ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ፣ አንዷን ዘፈን ሁለት ሦስቴ አስደግሞ፣ ምንም ሳይገዛ የሚወጣው ይበዛል። ጋሽ ጀብሪልም አይቆጡም። ከረሃቡ በኋላ ግን ሰዉም አለቀ፤ የተረፈውም ዘፈን ጠላ። አሁን ደግሞ ቀበሌው ቤቱን ለጽሕፈት ቤት ፈልጎታል።

አስቻለች አስተማሪ ናት። አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ድምፅዋ ከሁለተኛው ወንበር የማያልፍ ሴት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው መጥታ የምትጠይቀው አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ ሐረግ የምትባል ዘፋኝ የተጫወተችውን «የደሴ ጎተራ»።

«ወላሂ፣ እንዳንቺ ያለ ዘፈን ወዳድ አላየሁም» አሉ ጋሽ ጀብሪል በመጨረሻው ቅዳሜ። «ዘጠኙን ከሰው እጅ እያስመለስኩ ሰጠሁሽ። ማጫወቻ እንኳ የለሽ! በወጥ ልትበዪው ነው?»

አስቻለች ፈገግ አለች። «ሌላ የለም?»

«ምን አልሽ? ኧረ ጮክ በይ፣ አንቺ ልጅ!»

«ሌላ የለም ወይ?»

«ያመጣሁት አስር ነው። አንዷ ከላላ ወረዳ ናት፤ እማማ ንግሥቴ የሚባሉ ዓይነ ስውር ዘንድ። በዓመት አንዴ በበቅሎ ይመጡና እዚህ አስደምጣቸዋለሁ። እንግዲህ የት ሊሰሟት ነው?»

በሚቀጥለው ሳምንት አስቻለች በቅሎ ተውሳ ከላላ ሄደች።

እማማ ንግሥቴ ሸክላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከራስጌያቸው አኑረውታል።

«ይሽጡልኝ፣ እማማ።»

«አልሸጥም፣ ልጄ። ድምጿ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው የያዝኳት።»

«በጣም ይወዷታል?»

አሮጊቷ ሳቁ። «የወደዳትስ ባሌ አራጌ ነው። በዚያ በክፉ ቀን የቀረችንን ጥጃ ሊሸጥ መካነ ሰላም ሄዶ ሰማት። ‹የደሴ ጎተራ ሞልቶ ፈሰሰ፣ የተራበው ሁሉ እየመጣ ጎረሰ› ትላለች። ለእንግዳ ሹማምንት ያዘፈኗት ነው አሉ፤ እሱ ምኑን አውቆ? ‹ደሴስ እህል አለ፣ ተዘፍኖለታል› ብሎኝ በእግሩ ወጣ። ሬሳውም አልመጣልኝ። እስከ ዛሬ እርሜን አላወጣሁም።»

አስቻለች ልትነሳ ስትል ነጠላዋን ያዟት።

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ሙሾ ሳያወርዱ መውጣት ነውር ነው። እዚህ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ነው። እንደ አቅምሽ በይለት።»

«እኔ… አልችልም፣ እማማ።»

«ለሞተ ሰው ማን ያፍራል?»

አስቻለች ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደች፦

«እህል ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ የቀረው፣
ማን አለቀሰለት? ማንስ ነው የቀበረው?»

የአሮጊቷ እጅ ሸክላው ላይ ቆመ።

«እስቲ ድገሚው፣ ልጄ።»

ደገመችው። እንባ ቀድሟት ራሷን ረሳች፤ ድምፅዋም ቤቱን ሞላው።

እማማ ንግሥቴ ሸክላውን አንስተው እቅፏ ላይ አደረጉላት።

«ውሰጂው። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።»

«ዋጋውን…»

«ዋጋ የለውም። እኔ ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ አሁን አንቺ ተሸከሚው።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ከላላ መውጫ ላይ፣ አስቻለች ሸክላውን እንደ ቀደሙት ዘጠኙ በድንጋይ ሰበረችና ሐረግ ተብላ የዘፈነችበትን የገዛ ድምፅዋን ስብርባሪ ለቃቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።