የእማማ ብርቅታይት ነፋስ

ዕንቁ እንደምትለው ማሞቂያውን ያበላሸው ባሏ ግዛቸው ነው። ቅዳሜ ዕለት የጄኔሬተሩን ዘይት ልቀይር ብሎ ከነካካው ወዲህ ባለ አልጋው መኪና፣ አርቪው፣ ሞቆ አያውቅም። እናቷ እማማ ብርቅታይት እንደሚሉት ደግሞ ማሞቂያውን ማንም አልነካውም፤ ዕቃው ራሱ ሰነፍ ነው፤ ትንሽ ይተነፍስና «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል።

ግዛቸው ከሁለቱም ጋር አልተከራከረም። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ በስልኩ የመመሪያውን መጽሐፍ ያነባል። የካዚኖ ቫሌት ሆኖ በሠራባቸው ዓመታት ስንት ሺህ መኪና ፓርክ አድርጓል፤ የአንዱንም ሆድ ግን ከፍቶ አይቶ አያውቅም።

አርቪው የጓደኛው የሱፊያን ነው። አልጋና ምድጃ ያለው አሮጌ መኪና ነው፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ አፓርትማቸው ግቢ ጥግ ላይ ቆሟል፤ እማማ የሚያድሩት እዚያ ነው። ዕንቁ የምትሠራው ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው የሆስፒታሎች ሰፈር፣ የኮቪድ ሕመምተኞች በተኙበት ፎቅ ነው። እማማ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አስም አለባቸው። የክትባት ቀጠሯቸው ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

«እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ሺፍት እገባለሁ» አለች ዕንቁ፣ ማስኳን አጥልቃ ከሩቅ እንደቆመች። «እስከዚያ ካልሠራ እማዬ ቤት ትገባለች። ሌላ ሌሊት በብርድ አላሳድራትም።»

ቤት መግባት ማለት ዕንቁ ከሥራ መጥታ በምትተነፍስበት ክፍል ውስጥ መዋል ማደር ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ታመዋል። ይኼን ሦስቱም ያውቃሉ።

አሥር ሰዓት ሆኗል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ ተራራ አዘንብላለች።

ግዛቸው ለማሞቂያው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን የጄኔሬተሩን ቁልፍ ተጫነ። ሳለ፣ ሳለና ጠፋ። ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። ለካ የመኪናው ቤንዚን ከሩብ በታች ሲወርድ ጄኔሬተሩ መሳብ ያቆማል፤ ሰው መንገድ ላይ እንዳይቀር ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለት ጀሪካን ቤንዚን መኪናው ታንክ ውስጥ ገለበጠ። እንደገና ሲጫነው ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ።

«ይኸውልሽ!» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ገና ነው።

ማስኩን አጥልቆ ወደ ውስጥ ገባና ማሞቂያውን አበራው። ማራገቢያው ተነሣ፤ እሳቱ «ቡፍ» አለ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፦ ቀጭ። ደገመው፤ ቀጭ። ሠለሰው፤ ቀጭ።

«አላልኩህም?» አሉ እማማ አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ። «ሰነፍ ነው።»

ከመመሪያው ያልሞከረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ አየር መሳቢያው ያልተዘጋ መሆኑን አረጋግጥ ይላል። አየር መሳቢያው ያለው ከአልጋው ሥር ነው። ግዛቸው አንገቱን አከከ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ምግብ ሲያመጣ እንኳ ደረጃው ላይ ቆሞ ነው የሚያቀብላቸው። የአማቱን የአልጋ ልብስ መግለጥ አስቦት አያውቅም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ትንሽ ይነሡልኝ?»

«ለምን?»

«ከአልጋው ሥር የማየው ነገር ነበረኝ።»

«አንተ ከኔ አልጋ ሥር ምን አለህ?»

«እኔ አይደለሁም፣ መመሪያው ነው።»

«መመሪያው የማን ልጅ ነው!» አሉ፤ ግን እያጉረመረሙ ተነሡ።

ግዛቸው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ የአልጋ ልብሱን ጫፍ በሁለት ጣቱ አነሣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየ። የአየር መሳቢያው ቀዳዳ በትልቅ ፎጣ ተወትፏል፤ ዙሪያውን በፕላስተር ተለጥፏል። አንዲት ስንጥቅ እንኳ አልተረሳችም።

«በዚያ ነፋስ አለ» አሉ እማማ ከበላዩ። «ሌሊት እግሬን ይልሰኛል። ብርድ ሲመታኝ ልታይ ነው?»

«መቼ ደፈኑት፣ እማማ?»

«ቅዳሜ ማታ።»

ቅዳሜ። ግዛቸው ፕላስተሩን ቀስ ብሎ መላጥ ጀመረ። «ማሞቂያው የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ሲታፈን፣ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል።»

እማማ ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ። ግዛቸው ፎጣውን መዝዞ ይዞት ወደ ማሞቂያው ማብሪያ ሄደ።

አበራው። ማራገቢያው ተነሣ፤ እሳቱ «ቡፍ» አለ። ሁለቱም ወለሉን እያዩ ጠበቁ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። «ቀጭ» አላለም። ከወለሉ ቀዳዳ የወጣው ሙቀት የግዛቸውን ሱሪ ጫፍ ነካው፤ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። የተቀመጠው አማቱ አልጋ ላይ መሆኑን ያወቀው ቆይቶ ነው። ሊነሣ ሲል እማማ ትከሻውን ተጭነው መለሱት።

ዕንቁ በሩ ጋ ደረሰች። «ሠራ? እሰይ! ምን ሆኖ ነው? ዘይቱ ነው አይደል?»

ግዛቸው ጉልበቱ ላይ ያለውን ፎጣ አየ። «አየር መሳቢያው… ተዘግቶ ነበር።»

«ታዲያ ማን ዘጋው? ካንተ ሌላ የነካው አለ?»

ግዛቸው ፎጣውን ማጠፍ ጀመረ።

«ተይው ልጁን» አሉ እማማ። «እኔ ነኝ። ነፋስ ገባብኝ ብዬ ደፈንኩት።»

ዕንቁ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ፎጣውን አየች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ የበሩን እጀታ ይዛ፣ ማስኳ እስኪረጥብ ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ የያዛት ነገር የለቀቃት ይመስል ነበር።

«ይቅርታ ግዛቸው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እማዬ፣ አሁንም እኮ ነፋሱ አለ። ሌሊት ሌላ ፎጣ ፈልገሽ ልትደፍኚው ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ።»

እማማ ቀዳዳውን እንደ ዱሮ ደመኛ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ትራሳቸው አጎንብሰው ሁለት ጥንድ ካልሲ አወጡ።

«ይንፈስ» አሉ። «ካልሲ ደርቤ እዚሁ አድራለሁ።»