የቀኝ ትከሻ

ሰውየው ስለ ክትባት ይቅርና የራስ ምታት ክኒኑ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን እንኳ አንብቦ አያውቅም። ሻይ ቤት ሲገባ ግን ሊቀ ሊቃውንት ነው። "ጠላ እንኳ ሳይብላላ አይጠጣም፤ እነሱ የኮሮና ክትባት በዓመት አደረስን ይላሉ" እያለ ያላግጣል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ምንትዋብ፣ "ጋሼ፣ ጥናቱ እኮ ብዙ ዓመት የተለፋበት ነው" ብትለው፣ "አንቺ መርፌሽን ውጊ፤ ወሬውን ለእኛ ተይው" ብሎ አፏን አስዘጋት። በክርን ሰላም የሚለውንም ሁሉ "ፈሪ" እያለ በትከሻ ይገጨዋል።

ዛሬ ግን ራሱ ክርኑን አስቀድሞ ገባ። ጓደኛው ጥሩነህ ሳቀበትና እንደ ልማዳቸው ቀኝ ትከሻውን ገጨው። ሰውየው "ወይኔ ክንዴን" ብሎ ተጣጠፈ።

ምንትዋብ ሻይዋን እያማሰለች፣ "ትናንት በግራዎ ይወጉ ብዬዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ" አለች።